በጥቂት ደቂቃ ንግግር የታካሚ ልማድ ይለወጣል? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄውን ያቀረቡት የአንድ ጤና ተቋም የተመላላሽ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ ነርስ ናቸው። ክፍላቸው ስለ ማጨስ፣ ስለ አልኮል፣ ስለ አመጋገብና ስለ አካል እንቅስቃሴ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር በመደበኛው አገልግሎት ውስጥ እንዲነጋገር ታዝዟል። ይሁን እንጂ ለአንድ ታካሚ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን፣ ለዓመታት ሲመክሩ ቆይተው ለውጥ አለማየታቸውን፣ የክብደትና የመጠጥ ነገር ሲነሣ ቅር የሚሰኙ ታካሚዎች መኖራቸውን፣ ከባልደረቦቻቸውም መካከል ራሳቸው የሚያጨሱ ስላሉ ርእሱን ለማንሣት እንደሚያፍሩ ገልጸው፣ «ይህ ሥራ በእርግጥ ዋጋ አለው? ካለውስ እንደኛ ባለ ክፍል እንዴት ይሠራ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ዋጋ አለው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሚሠራበት መልኩ ከቀጠለ ውጤቱ ከድካሙ ያነሰ ይሆናል። የተለመደው አሠራር ጉዳቱን ማስረዳት፣ «ይተዉ» ወይም «ይቀንሱ» ማለት፣ ከዚያም በካርዱ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ነው። ታካሚው ግን ሲጋራ እንደሚጎዳ ከእኛ በፊትም ሰምቷል። ያልሰማው ነገር ቢኖር፣ ለማቆም ቢፈልግ ዛሬውኑ ማን፣ በምን መንገድና መቼ እንደሚረዳው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ንግግራችሁን ከማስጠንቀቂያ ወደ ተጨባጭ እርዳታ ስለ ማሸጋገር ይሆናል።

በመጀመሪያ «ለውጥ አላየንም» ያሉትን ልመልስ። አላያችሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። በ1979 ማይክል ራስል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በለንደን 28 አጠቃላይ ሐኪሞችን ይዘው ከ2,000 በላይ በሆኑ አጫሾች ላይ ያካሄዱት ጥናት በዚህ መስክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ምንም ካልተደረገላቸው አጫሾች መካከል ማጨስን አቁመው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የዘለቁት 0.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ አጭር ምክር ከሰጣቸው መካከል 3.3 በመቶ፣ ከምክሩ ጋር አጭር ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ወደፊት ክትትል እንደሚደረግላቸው ከተነገራቸው መካከል ደግሞ 5.1 በመቶ አቆሙ። ይህንን በሐኪሙ ዓይን ስናየው፣ ከመከራቸው 20 ሰዎች 19ኙ ማጨሳቸውን ቀጥለዋል። አንዱ ደግሞ ሲጋራውን ስላቆመ፣ ምናልባትም ሳል ስለቀረለት፣ ተመልሶ አይመጣም። በክፍሉ ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው ያልተለወጠውን ስለሆነ፣ ተስፋ መቁረጣችን ከሥራው ባሕርይ የሚመነጭ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩም መጠኑ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያለ ማንም እርዳታ የሚያቆሙት በዓመት ከ2 እስከ 3 በመቶ ናቸው ተብሎ ቢታሰብ፣ የሐኪም አጭር ምክር በዚያ ላይ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ክፍል በዓመት 2,000 አጫሾችን ቢያስተናግድና ለሁሉም ቢደርስ ግን፣ የጭማሪው መካከለኛ ግምት 40 ሰዎች ማለት ነው። በብሪታንያ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመታት በተደረገው ክትትል መሠረት፣ በ40 ዓመቱ ያቆመ አጫሽ ቢቀጥል ኖሮ ከሚያጣው ዕድሜ 9 ዓመት ያህሉን፣ በ60 ዓመቱ ያቆመው ደግሞ 3 ዓመት ያህሉን መልሶ ያገኛል። በተመላላሽ ክፍል ውስጥ በአንድ ደቂቃ ከምንሠራቸው ነገሮች መካከል ይህን ያህል ዕድሜ የሚመልስ ሌላ ነገር ማግኘት ይከብደኛል። ዋናው ቁም ነገር «ለሁሉም ቢደርስ» የሚለው ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው አንድን ሰው አጥብቆ ከመምከር ይልቅ ማንንም ሳያልፉ በየዕለቱ ከመሥራት ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ምን እንበል የሚለው ነው። ልማዳችን መጀመሪያ «ለማቆም ዝግጁ ነዎት?» ብሎ መጠየቅና «አዎ» ላለው ብቻ እርዳታ መስጠት ነው። ይህን ጥያቄ እንድትተዉት እመክራለሁ። የሰው ዝግጁነት ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል፤ በደፈናው ሲጠየቅ «ገና ነኝ» የሚል ሰው፣ የሚጨበጥ ነገር ሲቀርብለት ሊቀበል ይችላል። በ2012 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያም የሚያሳየው፣ ለጤናው ሲል እንዲያቆም ከመምከር ይልቅ ለማቆም የሚረዳ ድጋፍ ማቅረብ ብዙ ሰዎችን ለሙከራ እንደሚያነሣሣ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ይበቃዋል፦ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» «ለማቆም ከሁሉ የሚሻለው መንገድ መድኃኒትንና የባለሙያ ድጋፍን አንድ ላይ መጠቀም ነው፤ ሁለቱንም ከዚህ ማግኘት ይችላሉ።» «ለዚህ ሳምንት ቀጠሮ ልያዝልዎት?» ስለ ሳንባና ስለ ልብ ትምህርት የለበትም። ታካሚው ከጠየቀ ይነገረዋል፤ ካልጠየቀ ጊዜው ለቀጠሮው ይዋል።

ድጋፉን የሚሰጠው ባለሙያ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን በተመለከተ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ቶሎ ከሚሠራው ማስቲካ ወይም ከረሜላ ጋር አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል። ቫሬኒክሊን፣ ሳይቲሲንና ቡፕሮፒዮን የተባሉት መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ኒኮቲን ሲቋረጥ የሚመጣው ቁጡነት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ብርቱ የማጨስ ፍላጎት በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ በሚቀጥሉት ሦስትና አራት ሳምንታት እየቀነሰ ይሄዳል። በመሆኑም ከወር በኋላ የሚሰጥ ቀጠሮ ሰውየውን በጣም በሚቸገርበት ሰዓት ብቻውን ይተወዋል። ባቆመ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚደረግ አጭር የስልክ ጥሪ ብዙ ወጪ የለበትም፤ የሚያስፈልገውም በተባለው ቀን በእርግጥ የሚደውል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ክብደት ልለፍ፤ ቅሬታ ይነሣበታል ያሉት ርእስ ነውና። በ2016 በእንግሊዝ በ137 ሐኪሞች አማካይነት በ1,882 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታትሟል። ሰዎቹ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር። በምክክሩ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ በ30 ሰከንድ ውስጥ ክብደትን ለመቀነስ ለ12 ሳምንታት የሚሰጥ የቡድን ፕሮግራም መኖሩን ይገልጻል፤ ታካሚው ከተስማማ ከተቋሙ ሳይወጣ ቀጠሮው ይያዝለታል። ከቀረበላቸው መካከል 77 በመቶ ተስማሙ፤ 40 በመቶ ደግሞ በእርግጥ ተገኙ። ከዓመት በኋላ ፕሮግራሙ የቀረበላቸው ሰዎች በአማካይ 2.43 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ክብደታቸውን ቢቀንሱ ለጤናቸው እንደሚበጅ ብቻ የተነገራቸው ደግሞ 1.04 ኪሎ ቀነሱ። ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። ከአምስት ታካሚዎች አራቱ ንግግሩን ተገቢና ጠቃሚ ነው ብለዋል፤ አግባብ ያልሆነና የማይጠቅም ነው ያሉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ እናንተ ጋ ቅሬታ ለምን ይበዛል? በቅርብ ሳላይ በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ ብዙ ጊዜ መንሥኤው ቅደም ተከተሉና አነጋገሩ ሆኖ ይገኛል። ጉልበቱን አሞት የመጣ ሰው ጉልበቱ ሳይታይ ስለ ክብደቱ ከተነገረው፣ ሕመሙ እንደተናቀ አድርጎ ይረዳዋል፤ መረዳቱም ልክ ነው። መጀመሪያ የመጣበት ጉዳይ በሚገባ ይታይ። ከዚያ «ሌላ አንድ ነገር ባነሣ ይፈቅዱልኛል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከዚያም ያለ ትንተና፣ ለምን እንደወፈረ ሳይመረመር፣ እርዳታው ይቅረብ። «ምግብ ያበዛሉ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያስገኝ ይመስላል እንጂ ታካሚው ራሱን ለመከላከል እንዲነሣ ብቻ ያደርገዋል። ታካሚው «አይ፣ ዛሬ አይደለም» ካለ «መልካም፣ በፈለጉ ጊዜ በሩ ክፍት ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ ይህም በካርዱ ላይ ይጻፍለታል፤ ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ባለሙያ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ያነሣበታል።

አልኮል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከሁሉም በፊት የሚረዳው ጥያቄውን ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ካዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መለያ የተወሰዱት ሦስት ጥያቄዎች፣ ማለትም በምን ያህል ጊዜ ይጠጣሉ፣ በጠጡበት ቀን ምን ያህል ይጠጣሉ፣ በአንድ ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ መለኪያ የሚጠጡትስ በምን ያህል ጊዜ ነው የሚሉት፣ የደም ግፊት በሚለካበት ጊዜ ሊጠየቁ ይችላሉ። «ይህን ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንጠይቃለን» የሚለው መግቢያ ጥርጣሬውን ያነሣለታል። አጭር ምክር የሚጠቅመው ከመጠን በላይ ለሚጠጡ ነገር ግን ሱስ ላልያዛቸው ሰዎች ነው፤ ከዓመት በኋላ የሚታየው ቅናሽም በሳምንት በአማካይ 20 ግራም ንጹሕ አልኮል ገደማ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥን፣ ሳይጠጣ ሲውል የሚያልበውን ሰው ግን «ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ» ማለት አደገኛ ነው። በድንገት ማቋረጥ የሚጥል ሕመምና ለሕይወት የሚያሰጋ የአእምሮ መዛባት ሊያስከትል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ታካሚ በሕክምና ክትትል ሥር እንዲያቆም መላክ አለበት። ይህን ልዩነት የማያውቅ ባለሙያ የአልኮል ምክር እንዲሰጥ ባይመደብ ይሻላል።

በአመጋገብና በአካል እንቅስቃሴ ረገድ ቁጥሮቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በቀን ደግሞ ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። በ2020 የወጣው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ የቀጠለ ይሁን የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንሥቶታል፤ ይህን ለታካሚ መንገር ያበረታታል፤ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራልና። ዳሩ ግን ቁጥር ልማድን አይለውጥም። ልማድን የሚለውጠው መቼ፣ የት፣ ከየትኛው የዕለት ተግባር ቀጥሎ የሚለው ተለይቶ የታቀደ ትንሽ ድርጊት ነው፤ ይህን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል የዕቅድ ዓይነት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትዘር በስፋት አጥንተውታል። «እንቅስቃሴ አደርጋለሁ» ከሚል ታካሚ ይልቅ «ማታ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ» የሚለው የመፈጸም ዕድሉ ይበልጣል። ዕቅዱን ባለሙያው ባያወጣለት እመርጣለሁ፤ «ከሳምንቱ ቀናት የትኛው ይቀልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሲጨርሱም የተስማሙበትን ታካሚው በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር መጠየቅ፣ የተረሳውንና የተዛባውን ወዲያው ያሳያል።

ስለ ጊዜ ርዝመትም አንድ ነገር ልጨምር። ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለው አባባል በየቦታው ይሰማል፤ መሠረት የለውም። በለንደን 96 ሰዎች የመረጡትን አዲስ ልማድ በየዕለቱ እንዲደግሙ ተደርጎ በተካሄደ ጥናት፣ ድርጊቱ ያለ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው ጊዜ አማካዩ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን የሰፋ ነበር። አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን አላበላሸውም። በሦስተኛው ሳምንት «አልለመደልኝም» ብሎ ለሚተው ታካሚ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። እናንተም የክትትል ቀጠሯችሁን እስከ ሦስተኛው ወር ብታራዝሙት ይሻላል።

ጊዜ አጠረን ያሉት ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከሚያስቡት በላይ ትክክል ነው። በ2003 በአሜሪካ የተሠራ ስሌት፣ 2,500 ታካሚዎች ያሉት አንድ ሐኪም የተመከሩትን የመከላከል አገልግሎቶች ሁሉ ልስጥ ቢል በየሥራ ቀኑ 7.4 ሰዓት ለዚያ ብቻ እንደሚያስፈልገው አሳይቷል። ሁሉን ለሁሉ ለማድረግ የሚሞክር ክፍል በመጨረሻ የሚያደርገው በቅጹ ላይ «ተሠርቷል» የሚል ምልክት ማድረግን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሲጋራ ጀምሩ፤ ጥቅሙ በደቂቃ ሲመዘን የሚወዳደረው የለም። እርሱ ሲለመድ አልኮል ይጨመር፤ ክብደት፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ የሚላኩበት አገልግሎት ሲደራጅ ይከተሉ። ሥራውም ይከፋፈል፦ የደም ግፊትን፣ ትኩሳትንና የመሳሰሉትን የሚለካው ነርስ ይጠይቅና ይመዝግብ፣ ሐኪሙ እርዳታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያቅርብ፣ ቀጠሮ የሚይዘው ሠራተኛ ቀኑን ይስጥ፣ የፋርማሲ ባለሙያውም መድኃኒቱን ሲያስረክብ አጠቃቀሙን ያሳይ። የሚላክበት አገልግሎት ከሌላችሁ፣ አንድ ነርስ አሠልጥናችሁ በሳምንት ግማሽ ቀን ብትመድቡላት መነሻ ይሆናል። ወደሌለ ቦታ መላክ ከዝምታ የከፋ ነው።

ንግግሩ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ የሚሰማባቸው አጋጣሚዎች አሉና እነዚህን እንዳያመልጧችሁ። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት አጫሽ አንዱ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ማጨስ ያቆመ ሰው የሚያጋጥመው የቁስል፣ የሳንባና የልብ ችግር ስለሚቀንስ፣ ጥቅሙ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታይ ሳይሆን በሚመጣው ወር የሚታይ ነው። የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት እንዳለበት ገና የተነገረው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልጁ በአስም ታሞ ይዞት የመጣ ወላጅ፣ ከሆስፒታል የሚወጣ የልብ ታካሚም እንዲሁ። እንዲህ ባለው ጊዜ ልማዱ ሰውየው ራሱ ከሚያስጨንቀው ነገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እኛ ማያያዣ መፈለግ አይጠበቅብንም።

በአንጻሩ አስተዳደሩ «ልዩ የምርመራ ቀን እናዘጋጅ» የሚል ሐሳብ ቢያመጣ በትሕትና ብትከራከሩ ደስ ይለኛል። በዴንማርክ ከአጠቃላይ ሕዝብ ሰዎች ተጠርተው፣ የልብ ሕመም ሥጋታቸው ተለክቶ፣ ስለ አኗኗራቸው ተደጋጋሚ ምክር የተሰጠበት ሰፊ ጥናት ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ በልብ ሕመም መከሰት ላይም ሆነ በሞት ላይ ካልተጠሩት ጋር ልዩነት አልተገኘም። ለዚህ አንዱ ምክንያት፣ እንደ እኔ ግምት፣ እንዲህ ላለው ጥሪ የሚመጣው አስቀድሞ ስለ ጤናው የሚያስብ ሰው መሆኑ ነው። የየዕለቱ አገልግሎት ብልጫው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ልማዱ ሊነጋገር ያልመጣውንም ሰው ያገኛል።

አገልግሎቱ የማይደርስበት ወሰን እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1986 የወጣው የኦታዋ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ ሰነድ ጤናን ለማጎልበት ካስቀመጣቸው አምስት የሥራ መስኮች መካከል የጤና አገልግሎትን አቅጣጫ ማስተካከል አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፖሊሲን፣ አካባቢን፣ የማኅበረሰብን ተሳትፎና የግል ክህሎትን የሚመለከቱ ናቸው። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው የመራመጃ ሰዓት ቢያጣ፣ ወይም በቤቱ የሚበላውን የሚወስነው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ይህ ግትርነት አይደለም፤ በካርዱ ላይም «ምክር የማይቀበል» ተብሎ ሊጻፍበት አይገባም።

ሥራው መሄድ አለመሄዱን ለማወቅ «ምክር የተሰጣቸው» የሚለውን ቁጥር ተዉት፤ ይህ ቁጥር ምንም ሳይሠራ ያድጋል። በየወሩ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ እርዳታ የቀረበላቸው፣ የተቀበሉት፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ የተገኙት። የቀረበላቸው ጥቂት ከሆኑ ችግሩ በእናንተ ክፍል ነው። የተቀበሉት ጥቂት ከሆኑ አነጋገሩ ይታይ። ተቀብለው ያልተገኙት ከበዙ ደግሞ ቀጠሮው ሩቅ ወይም ሰዓቱ የማይመች ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የሚያጨሱ ባልደረቦችዎን የሚመለከት ነበር። የሚያጨስ ባለሙያ ስለ ማጨስ የማንሣት ዕድሉ ዝቅተኛ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የሚያፍረውም ራሱን በአርኣያነት ማቅረብ ያለበት ስለሚመስለው ነው። ከላይ ባስቀመጥኳቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን ስለ ተናጋሪው ሕይወት የሚናገር አንድም ቃል የለም፤ ማስጠንቀቂያ ቀርቶ እርዳታ ሲቀርብ ኀፍረቱም አብሮ ይቀላል። «አንተስ ታጨሳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ታካሚ ካጋጠመ፣ «አዎ፣ ማቆም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው በድጋፍ ይሁን የምለው» ብሎ ወደ ቀጠሮው መመለስ በቂ ነው። ለሠራተኞቹም ያው እርዳታ ይቅረብላቸው፤ የሚሰጣቸው ሰው ግን የቅርብ አለቃቸው ባይሆን፣ መዝገቡም ከሠራተኛ ማኅደራቸው ተለይቶ በምሥጢር ቢያዝ ይሻላል።